ከክንፉ ፊት የታሰረው ቅልጥም

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ገና ሲገባ፣ በአንድ ጥልቅ ገደል አፋፍ ላይ የምትኖር ቀበሮ ነበረች። አሮጊት እናቷ ከገደሉ ማዶ ባለ ዋሻ ትኖራለች። ጥርሷ ረግፎ ማደን ስላቃታት፣ ልጇ በየቀኑ በወደቀ ግንድ ላይ ተሻግራ ታበላት ነበር። አንድ ቀን ናዳ ወረደና ግንዱን ይዞት ገደል ገባ።

«ልጄ፣ ዛሬም አትመጪም?» ትላለች እናት ከማዶ። ቀበሮ መሻገሪያ ፍለጋ አፋፉን ትዞር ጀመር።

ጥንብ አንሳ ክንፉን ሳያርገበግብ ከአፋፍ አፋፍ ሲንሳፈፍ አየችና ከሸምበቆና ከኮባ ቅጠል መዳፍ የምታህል ክንፍ ሠርታ ለቀቀች። ክንፏ ሽቅብ ቀና አለች፤ ባለችበት ቆም አለችና በጭራዋ ቁልቁል ተከሰከሰች። ስድስት ሠራች፤ ስድስቱም እንዲሁ ሆኑ። በሰባተኛዋ ፊት ላይ ጠጠር ብታስርባት ግን ቀጥ ብላ ሄዳ ማዶ አረፈች። ከፊት ካልከበደ ሚዛን እንደማይጠብቅ ያን ጊዜ ገባት።

እሷን የሚሸከም ትልቅ ክንፍ ግን ጉልበት ይፈልጋል። ጅብን ጠራችው። ጅብ ቀርከሃ ሲቆርጥ፣ ሲጎትት፣ ልጥ ሲልጥ ሦስት ቀን ዋለ። ከፊት የምታስረው ድንጋይ ከልጡ እየሾለከ ቢያስቸግራት፣ ከባድ የበሬ ቅልጥም ፈልጋ ጥፍር አድርጋ አሰረችበት። ጅብ ምራቁን ዋጠ።

«እመት ቀበሮ፣ ይሄ ቅልጥም እዚህ ምን ይሠራል?»

ቀበሮ እውነቱን ብነግረው ነገ የራሱን ሠርቶ ከእኔ እኩል ሊንሳፈፍ ነው ብላ አሰበች።

«ምንም አያ ጅቦ፤ ለጌጥ ነው።»

«ለጌጥ! አገር በረሃብ ሲያልቅ!» አለ ጅብ ራሱን እየነቀነቀ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ነፋሱ ተስማማ። ቀበሮ ለእናቷ ያስቀመጠችውን የጥንቸል ሥጋ ልታመጣ ጉድጓዷ ገባች። ጅብ ከቅልጥሙ ጋር ብቻውን ቀረ። ፊቱን አዞረ፤ መልሶ አየው፤ አልቻለም። «ደግሞስ ሸክም ባቀልላት ምን አጠፋሁ?» ብሎ ቆረጣጥሞ ዋጠው። ጌጡ እንዳይጎድልባትም ባዶውን ቦታ በአበባ ሸፈነላት።

ቀበሮ አበባውን አይታ ሳቀችበት። ከሥሩ ግን አላየችም፤ እናቷ እየተጣራች ነበር።

«እማ፣ መጣሁልሽ!» ብላ ከአፋፉ ዘለለች። ክንፉ ሽቅብ ቀና አለ። ይህን አነሳስ ስድስት ጊዜ አይታዋለችና ወዲያው አወቀችው። ክንፉ ቆም አለና በጭራው ቁልቁል ወረደ። ከገደሉ ወገብ ላይ የበቀለ ዛፍ ባይይዛት ኖሮ አልቆላት ነበር።

ጅብ ወርዶ ጎትቶ አወጣት። ሁለቱም የኋላ እግሮቿ ተሰብረዋል።

«ቅልጥሙ የት አለ?» አለች ቀበሮ።

«በላሁት። ለጌጥ ነው አላልሽኝም እንዴ? ምስጢሩን ብትነግሪኝ ኖሮ፣ እናቴን፣ በረሃብ ብሞት አልነካውም ነበር!» አለና አለቀሰ።

ቀበሮ የጅብን ሆዳምነት ድሮም ታውቀዋለች፤ ውሸቱ ግን የራሷ ነበር። ተኝታ እያቃሰተች ያንኑ ቀን ሁሉንም ነገረችው፤ ከፊት ማክበዱን፣ አስተሳሰሩን፣ ነፋስ አጠባበቁን። ዝናቡ ግን ሦስት ቀን አላባራም። የእናት ድምፅም በየማለዳው እየሰለለ ሄደ።

በአራተኛው ቀን ጅብ ለአሮጊቷ ሥጋ አዲስ በሠራው ክንፍ ላይ ጭኖ፣ ከፊቱ ቅልጥም አስሮ ለቀቀው። ቅልጥሙን አልላሰውም እንኳ። ክንፉ ቀጥ ብሎ ሄዶ ከዋሻው ደጃፍ ላይ አረፈ።

ጅብና ቀበሮ እስኪመሽ ድረስ ማዶ ማዶ አዩ። ሥጋውን የሚያነሳ ግን አልወጣም።

ከዚህ የምንማረው አብሮን የሚለፋውን ሰው ይተካከለናል ብለን የሥራውን ምስጢር በውሸት ብንሸሽገው፣ ሳያውቅ በሚያጠፋው ጥፋት ከእኛም አልፎ የምንወዳቸው ሰዎች እንደሚጎዱ ነው።