የእማማ አህያ ሙሾ

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት በሉኝ፤ የዛሬው ግን የአህያ ነው።

አንዲት አሮጊት አህያ ነበረች። ጉልበቷ እየከዳት ሲመጣ ጎረቤቶቿን ጠርታ፣ «ሞት ሳይቀድመኝ እንነጋገር» አለቻቸው።

ችኩሉ አውራ ዶሮ፣ «ኧረ እማማ፣ ክፉ አያሰሙን! ማዶ ካለው ወጌሻ ዘንድ ጎትተንም ቢሆን እናደርስዎታለን» አለ።

«ስደክም አቀበት ለአቀበት አትጎትቱኝ። እዚሁ ሾላው ሥር፣ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ አስተኙኝ። ዝምተኛዋ በግ አጠገቤ ትሁን። አንቺ ቁራ፣ ሙሾዬን ግን አሁኑኑ አሰሚኝ።»

ማሞገስ የምትወደው ቁራ ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣ «ማንንም ያልረገጠች፣ የዋህ እናታችን!» ብላ ሙሾውን አወረደችው።

«ውሸት!» አለች አህያ እየሳቀች። «ጅብን ሁለቴ ረግጬዋለሁ። እሱን አስገቢልኝ።»

ቀኑ ሲደርስ ማንም አልተከራከረም። አህያ ሾላው ሥር ፀሐይ እየሞቀች፣ በግን ተደግፋ አረፈች። ቁራም እንደታዘዘችው፣ «ጅብን ሁለቴ የረገጠች፣ ጀግና እናታችን!» ብላ አለቀሰች።

ይሄኔ ጅብ ከወንዙ ማዶ ብድግ አለ። እንባው እየወረደ፣ አገጩን እያሻሸ፣ «ሦስቴ ነው!» ብሎ ጮኸ። «እማማን አታሳንሱብኝ!»