የአያ ጅቦ ለቅሶ

አንድ ጊዜ አያ ጅቦ እናቱ ሞተችበትና ብቻውን ለቅሶ ተቀመጠ። የዋሻውን ደጅ ጠረገ፤ ለሚመጣው ለቅሶ ደራሽ መቀመጫ እንዲሆን ሣር ጎዘጎዘ፤ ግን ዝር ያለ የለም። ሣሩ ደረቀ። ሆዳምም ሆድ ይብሰዋልና ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

ቀበሮ በዚያ ስታልፍ ራቅ ብላ ቆመችና «እግዜር ያጥናህ» አለችው።

«እመት ቀበሮ፣ አንድ እንኳ ብቅ ያለ የለም እኮ። ምን በድያቸው ነው?»

ቀበሮ፣ ጅቦ ለነገ ያስቀመጣትን የፍየል ቅልጥም በዓይኗ ለካች። «ያቺን ብትሰጠኝ መላውን እነግርህ ነበር።»

ቅልጥም መስጠት ለጅብ እንዴት እንደሚያም እሱ ያውቃል። ብቸኝነቱ ግን ከረሃቡ ብሶበት ወረወረላት።

«አንተ የማን ለቅሶ ደርሰህ ታውቃለህ?» አለችው። «መጀመሪያ ድረስላቸው፣ ይደርሱልሃል።» ቅልጥሟን ይዛ ሄደች።

ብዙም ሳይቆይ የእትዬ አህያ ባል ሞተና ተቀበረ። አያ ጅቦ አንገቱን ደፍቶ ለቅሶ ቤት ሲገባ ወሬው ሁሉ ቀጥ አለ። በግ ግልገሏን ወደ ጉያዋ ሳበች። ፍየል «ይሄ ደግሞ ሬሳ ሸቶት ነው የመጣው» ብላ አንሾካሾከች። ምስኪኑ ከልቡ ነበር የሚያለቅሰው፤ እነሱ ግን የሚያዩት እንባውን ሳይሆን መንጋጋውን ነው።

እትዬ አህያ ብቻ ተነስታ ንፍሮ አቀረበችለት። ስታቀርብለት ትንቀጠቀጥ ነበር።

«ስለመጣህ እግዜር ይስጥልኝ» አለችው።

«እኔም እናቴ ሞታብኛለች» አላት ቀስ ብሎ።

«ውይ፣ አልሰማሁም ነበር።»

ሌላ ሳይነጋገሩ ፍየል መጥታ ጎትታ ወሰደቻት። ጅብ የመንቀጥቀጧን ነገር ከውስጡ ማውጣት አቃተው።

አመሻሽ ላይ ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገዱ በአህያው መቃብር በኩል ነበር። እስከዚያ ድረስ መቃብሩ ትዝም አላለው። አሁን ግን የፍየል ሹክሹክታ ጆሮው ላይ መጣበት፤ ሆዱም ባዶ ነበር። «ብበላም ባልበላም የሚሉኝ ያው ነው» አለና መቆፈር ጀመረ።

ጠዋት ከዋሻው ደጅ ኮቴ ተሰማ። እትዬ አህያ ናት። ፈራ ተባ እያለች፣ ንፍሮ ይዛ፣ የእናቱን ለቅሶ ልትደርስ ብቻዋን መጥታለች። «እግዜር ያጥናህ» ልትል አፏን ስትከፍት የሚግጠውን አየች። የባሏን እግር በሰኮናው አወቀችው።

«እትዬ፣ ተቀመጪ» አላት።

ንፍሮውን በደረቀው ሣር ላይ አስቀምጣ፣ ዞር ብላም ሳታየው ሄደች። አያ ጅቦ ያን ቀን ንፍሮውንም አጥንቱንም አልነካም። ከዚያ ወዲያ ያንን ደጅ የረገጠ የለም።

ከዚህ የምንማረው፣ ሌሎች የሚሉንን ሆነን ለመገኘት ስንቸኩል፣ እየፈራም ቢሆን ወደ እኛ የሚመጣውን አንድ ወዳጅ እንደምናጣ ነው።