ለእማማ ይመናሹ የተገጠመው ወንበር

ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ካልሰማችሁኝ ጂፗም አትነሳ!

ከተራራው ወዲህ እማማ ይመናሹ ይኖሩ ነበር፤ ከተራራው ወዲያ ታላቅ እህታቸው ወርቅያንጥፉ። የወርቅያንጥፉ ዓይን እየደከመ ነበር። እማማም ልጃቸውን አንዳርጌን፣ «ዓይኗ ጨርሶ ሳይጠፋ አንዴ ትየኝ። ወገቤ የሚችለው መቀመጫ ብቻ ፈልግልኝ» አሉት።

አንዳርጌ አሮጌ ጂፕ አለችው። ዳገት አትፈራም፤ የወንበሯ ስፖንጅ ግን አልቆ ብረቱ ቀርቷል። «እናቴን ውሰጂልኝ» ቢላት፣ «ያለ ደህና ወንበር አልወስድም» አለች።

ከተገለበጠች የከተማ አውቶሞቢል ለስላሳ ወንበር ፈቶ አመጣ። አስፋልት የለመደው ወንበር የጂፗን ወለል አይቶ ተኮሳተረ። «የኔ እግር ሌላ፣ የሷ ቀዳዳ ሌላ! ያለ ማያያዣ ብረት አልቀመጥም» አለ። ወንበር አልቀመጥም አለ፣ ጂፕ አልወስድም አለች፣ እማማም ደጃፍ ቀሩ፤ የእህታቸው ዓይን እየደከመ ሄደ።

አንዳርጌ ብረት በመጋዝ ቆረጠ። ብረቱም፣ «ትራፓኖ ካልበሳኝ ቡሎኑን በምኔ ልይዘው? አልይዝም» አለ። ብረት አልይዝም አለ፣ ወንበር አልቀመጥም አለ፣ ጂፕ አልወስድም አለች፣ እማማም ደጃፍ ቀሩ።

ጋራዥ ሄዶ ትራፓኖውን ለመነ። «መብራት ሳይኖር አልዞርም» አለው። መብራትን ለመነ። «ወንዙ ግድቡን ሳይሞላ አልመጣም» አለው። ወንዙ ዳር ወረደ። ወንዙ ከድንጋዮቹ መሃል በቀጭኑ ቀና ብሎ፣ «ዝናብ ሳይዘንብ አልሞላም» አለው። ወንዝ አልሞላም አለ፣ መብራት አልመጣም አለ፣ ትራፓኖ አልዞርም አለ፣ ብረት አልይዝም አለ፣ ወንበር አልቀመጥም አለ፣ ጂፕ አልወስድም አለች፣ እማማም ደጃፍ ቀሩ፤ የእህታቸው ዓይን እየደከመ ሄደ።

አንዳርጌ ተራራውን ወጣ። ደመናው ግማሹን ሰማይ ይዞ ቆሟል። አንዳርጌ ኮፍያውን አወለቀ። ለአንዲት የቡሎን ቀዳዳ ብሎ ሰማይ ደጅ ቆመ። እኔም ባወራሁት ቁጥር ይገርመኛል፤ ትንሽ ነገር የት ድረስ ታስሮ ኖሯል!

«ዝነብልኝ» አለ ቀስ ብሎ።

«ስቀር ትጮኻላችሁ፤ ስመጣ ጭቃ አመጣህ ትሉኛላችሁ» አለ ደመናው። «ለመሆኑ ይህን ሥራ ስትጀምር ማን መረቀህ?»

አንዳርጌ ወንበሩን ለመፍታት ሲጣደፍ እናቱን ምርቃት ሳይጠይቅ ነበር የወጣው።

«እንግዲያው አልዘንብም!» አለ ደመናው። ደመና አልዘንብም አለ፣ ወንዝ አልሞላም አለ፣ መብራት አልመጣም አለ፣ ትራፓኖ አልዞርም አለ፣ ብረት አልይዝም አለ፣ ወንበር አልቀመጥም አለ፣ ጂፕ አልወስድም አለች፣ እማማም ደጃፍ ቀሩ።

አንዳርጌ ቁልቁል ሮጦ ደጃፍ ከቆሙት እናቱ እግር ስር ተንበረከከ። «እማዬ፣ መርቂኝ።»

«ምነው፣ ዛሬ ገና ትዝ አልኩህ?» አሉና መዳፋቸውን ዘረጉ። «የጀመርከው ይሙላልህ፤ መንገድህን ጨርቅ ያድርግልህ፤ ሰማዩም ጠግቦ ያጥግበን።»

«አሜን!» ብሎ ሰማዩ ነጎደ። ምድር ተንቀጠቀጠች።

ደመና ዘነበ፣ ወንዝ ሞላ፣ መብራት መጣ፣ ትራፓኖ ዞረ፣ ብረት ተበሳ፣ ቡሎን ጠበቀ፣ ወንበር ተቀመጠ፣ እማማ ወጡ፣ ጂፕም ተነሳች! እማማ ወንበሩን ዳሰስ አድርገው፣ «ወይ ጉድ፣ ዙፋን ላይ አስቀመጥከኝ» አሉ፤ ተራራውንም ወገባቸውን ሳያማቸው ተሻገሩ።

ወርቅያንጥፉ በር ላይ ነበሩ። የእህታቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩት፤ አተኩረው አዩት።

«ውይ ይመናሹ፣ እንዴት አርጅተሻል!» አሉ።

እማማ እያለቀሱ ሳቁ። «አየችኝ! አንዳርጌ፣ እህቴ አየችኝ!»

ተረቴን መልሱ፤ ከወንበሩም ቀስ ብላችሁ ተነሱ።