ክዳኑ ላይ የተቀመጠው ከርከሮ

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ ግን እግራችሁ ስር እያያችሁ ተቀመጡ!

ድሮ ነው፤ እንስሳው ሁሉ ሲያወራ፣ ድንጋይ እንኳ መልስ ሲሰጥ። ከርከሮ የሚባል ባለግቢ ነበረ። በሩ ፊት ለፊት የእህል ጉድጓድ ቆፈረ። ክዳን የሚሆን ጠፍጣፋ ድንጋይም አመጣ። ምን አደረገው መሰላችሁ? ግድግዳ ስር አስጠግቶ ተቀመጠበት! ጉድጓዱ አፉን እንደከፈተ ቀረ፤ ሣሩ አድጎ ሸፈነው።

አንድ ቀን ከርከሮ «አጥሬን ላጥር ነው፤ ኑ፣ ደቦ ውጡልኝ» ብሎ ጎረቤቱን ጠራ።

ዶሮ መጣች። ዱብ! ክንፏን እያራገፈች ወጣችና፣ «ኧረ አያ ከርከሮ፣ ክደነው!» አለችው።

«ነገ» አላት፣ ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠ።

ፍየል መጣች። ዱብ! ጉልበቷ ተልጦ ወጣች። «ኧረ አያ ከርከሮ፣ ይሄ ነገር ጎረቤት ይጨርሳል!»

«ነገ አልኩ እኮ!»

አህያ መጣ። ምስኪን፣ የከርከሮን የአጥር እንጨት ተሸክሞ ነው የመጣው! እሱ ዱብ ብቻ አይደለም፤ ቀጭ! የፊት እግሩ ተሰበረ። የአህያ ጤፍ ደግሞ ታጭዶ ማሳ ላይ ነው፤ ሰማዩም ጠቁሯል። ዛሬውኑ ካልተከመረ ዝናብ ይበላዋል፣ ልጆቹም ጦማቸውን ይከርማሉ። የአህያ ደሙ ፈላ።

«አንተ ከርከሮ! በሦስት እግር ነው ነዶ የምሸከመው?»

«ግቢው የኔ፣ ጉድጓዱ የኔ፣ እግሩ ያንተ! ዓይንህን ከፍተህ አትሄድም?»

«እንጨትህን እኮ ነው የተሸከምኩት፣ አንተ የአሳማ ዘመድ!»

ዔሊ ሽማግሌ ይፍረድ ተባለ። ዔሊ ተጠርቶ እስኪደርስ አህያ የሚያውቀውን ስድብ ጨረሰ።

ዔሊ መጀመሪያ ጉድጓዱን ጠየቀው። «እኔ አፍ እንጂ እግር የለኝ፤ ሄጄ ክዳን አላመጣ!» አለ ጉድጓዱ።

ድንጋዩን ጠየቀው። «እኔማ ጉድጓድ ልከድን መጥቼ የከርከሮን ቂጥ ተሸክሜ ከረምኩ!»

እንስሳው በሳቅ ፈረሰ። አህያ እንኳ፣ በዚያ ሁሉ ንዴቱ፣ ጥርሱ ታየ።

ዔሊ ወደ ከርከሮ ዞረ። «አጥር ዘሎ የገባ ሌባ ቢሆን ሌላ ነገር ነው። ይሄን ግን ‹ና› ያለው ማነው?»

«እኔ።»

«ጉድጓዱን የሚያውቀውስ? ዶሮና ፍየል የነገሩት?»

«እኔው።»

«እንግዲያው እግሩ እስኪጠገን እግሩ አንተ ነህ። ተነስ፣ ጤፉን ከምርለት!»

ከርከሮ ነዶ ተሸክሞ ሲመላለስ ዋለ። አህያ እግሩን ወጌሻ አስሮለት፣ ጥላ ስር ተጋድሞ፣ «ቀስ በል አያ ከርከሮ፣ እግርህ ስር እያየህ!» ይለዋል። የመጨረሻው ነዶ ክምሩ ላይ ሲወጣ ዝናቡ ጠብ አለ።

ከርከሮ ቤቱ ሮጦ ድንጋዩን አንከባለለና ጉድጓዱን ግጥም አድርጎ ከደነ። ከዚያ ደክሞት፣ እንደልማዱ ግድግዳው ስር ቁጭ ልበል ሲል፣ ዷ! በቂጡ መሬት። ጉድጓዱ አፉ ተዘግቶ ነው እንጂ በሳቅ ይሞት ነበር።

ተረቴን ከደንኩ፤ እናንተም ጉድጓዳችሁን ክደኑ። «ኑ» ያለ አፍ፣ የመንገዱም ዋስ ነው።