የታጠበው ለውሕ

ከቀደሙት የንግድ ከተሞች በአንዷ፣ ሸኽ ጦይብ የሚባሉ አዛውንት ሕፃናትን ቁርአን እያስቀሩ ያስተምሩ ነበር። ወደ ማምሻው፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ደግሞ ለትንንሾቹ ከአሮጌ ኪታብ ታሪክ ያነቡላቸዋል።

አንድ ቀን ከልጆቹ የአንዱ፣ የነስረዲን ለውሕ ታጥቦ ተገኘ። በዚህ የእንጨት ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ትምህርት፣ ሸኹ ፊት በቃል ሳይወጣ ውሃ አይነካውም። የልጅ ምስክርነት እንደ ድንቢጥ መንጋ ነውና አንዱ «ሩቅያ ናት!» ሲል ሁሉም ተከተሉት። ሩቅያ ከገጠር የመጣች ወላጅ የሌላት የስድስት ዓመት የቲም ናት፤ ከመጣች ጀምሮ ምንጣፉ ላይ ቦታ የሰጣት የለም። የነስረዲን አባት ሐጂ ቡሽራ ወሬው ደርሷቸው ከነከዘራቸው ከተፍ አሉ።

«ሸኼ፣ ይህቺ ልጅ ዛሬውኑ ካልወጣች ሁላችንም ልጆቻችንን እንወስዳለን» አሉ።

ሸኽ ጦይብ ተጨነቁ። የቲሟን ቢያባርሩ ነገ አላህ ፊት ምን ሊሉ ነው? ልጆቹን ቢጠይቁም ያንኑ ይደግሙታል።

«ሐጂ፣ ሶብር ያድርጉ። ንባቤን ልጨርስ» ብለው ኪታቡን ገለጡ።

ታሪኩ ስለ በረሃ መንገደኞች ነበር። የውሃው ስልቻ ባዶ ሆኖ ሲገኝ አብራቸው የነበረችን አንዲት ባይተዋር ልጅ «አንቺ ነሽ የጠጣሽው» ብለው አሸዋ ላይ ትተዋት ሄዱ። የጠጣው ግን ዝም ብሎ አብሯቸው ይጓዛል። ሸኹ እዚህ ላይ ኪታቡን ከደኑት።

«ከዚያስ ሸኼ?» አሉ ልጆቹ።

«ከዚያማ ሊመሽ ነው። ልጅቷ ምን የምትሆን ይመስላችኋል?»

«ትፈራለች» አለች አንዷ።

«እናቷን ትጣራለች» አለ ሌላው።

«እናት የላትም እኮ!» አለ ሦስተኛው፤ ዓይኑም ሳያውቀው ወደ ሩቅያ ሄደ። ሩቅያ አንገቷን ደፍታለች።

«ውሃውን የጠጣውስ?» አሉ ሸኹ በዝግታ።

የሐጂ ከዘራ ወለሉን ይቆረቁራል።

«ይመለስላት!» ብሎ ነስረዲን አለቀሰ። «ሸኼ፣ ለውሑን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ትምህርቱን አልያዝኩትም ነበር፤ እንዳይጠይቁኝ ብዬ ነው።»

የሐጂ ቡሽራ ፊት ደም መሰለ፤ ከዘራቸውን አነሱ። ሸኹ በዚያ እድሜያቸው ብድግ ብለው በአባትና በልጅ መካከል ቆሙ።

«ሐጂ፣ በተውበት፣ ተጸጽቶ የመጣን ልጅ በር ላይ አይመቱትም።»

ከዘራው ቀስ ብሎ ወረደ። ነስረዲንም ዓይኑን እየጠረገ ምንጣፉ ላይ ለሩቅያ ጠጋ አለላት።

ወገኖቼ፣ ልጆቻችንን «ውሸት ሐራም ነው» እንላቸዋለን፤ እውነቱን ሲነግሩን ግን ዱላ እናነሳለን። ኋላ ቢዋሹን ማንን ልንወቅስ ነው? ሸኹ ልጁን አላፋጠጡትም፤ የባልንጀራውን ጭንቅ እንዲሰማ አደረጉት እንጂ። እውነቱን ያወጣው እሱ ራሱ ነው። አላህ ለባሮቹ ያልዘጋውን የተውበት በር፣ አባት በልጁ ላይ የሚዘጋው በየትኛው ሥልጣኑ ነው?