ፀሐይ የጠላችው እናት

አንድ ኩንታል ተሸካሚ ነበረ። ቁጭ በል እንጂ ደምሰው፣ የምታነሳው ብረት የትም አይሄድብህም። «ጋሼ፣ ክብደቱን በሰው ፊት ለምን ቀነሱብኝ?» ብለህ ጠይቀኸኝ የለ? እየመለስኩልህ ነው፣ ስማኝ።

ይህ ሰው እህል ገበያ ውስጥ ከመኪና ጭነት የሚያወርድ ነበር። ጉልበቱ ለጉድ ነው! መቶ ኪሎውን «እህ!» ብሎ በአንድ ጊዜ ትከሻው ላይ ያወጣዋል። መጋዘን ሲደርስ ትከሻውን ዘንበል አድርጎ ይለቀዋል፤ ኩንታሉ ዷ ይላል፣ አቧራው ይነሳል፣ ሰው ያጨበጭባል። ማውረድን ሥራ ብሎም አልቆጠረው።

የሚኖረው ከእናቱ ጋር ነበር። እናቱ ወገቧን ታማ አልጋ ላይ ቀረች። እሱም በየጠዋቱ ሥራ ከመግባቱ በፊት ከአልጋ አንስቶ ደጅ ያወጣትና ፀሐይ ላይ ያስቀምጣታል። እንዴት አድርጎ የሚያነሳት ይመስልሃል? እንደ ኩንታሉ ነዋ! ብድግ፣ ዘጭ። ይወዳታል እኮ፣ ነፍሱ ናት። ግን ሌላ አነሳስ አያውቅም።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆነ። አንድ ቀን ሊያነሳት ሲጎነበስ፣ «ዛሬ ይቅርብኝ ልጄ፣ ፀሐዩ ራሴን ያዞረኛል» አለችው። በማግስቱም ይቅርብኝ አለች። በሦስተኛው ቀን ጭራሽ «ፀሐይ ጠላሁ» አለችው። ዕድሜዋን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ደጅ ቁጭ ብላ ከአላፊ አግዳሚው ጋር ስትጫወት የኖረች ሴት! እሱ ሞኙ አመናት። ከዚያ በኋላ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተኝታ ከሰውነት ተራ ወጣች፣ ምግብም ዘጋት።

አንድ ቀን መኪና ሳይመጣ ቀርቶ በጊዜ ወደ ቤቱ ተመለሰ። እናቱን ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ስትስቅ አገኛት። ያወጣቻት ጎረቤታቸው ናት፤ ነፋስ የሚወስዳት የምትመስል ቀጭን ሴት። እናቱ ልጇን ስታይ ሳቋን ዋጥ አደረገች።

«እማዬ፣ ፀሐይ ጠላሁ አላልሽኝም?» አላት።

ጎረቤቷ አላስቻላትም። «ፀሐዩን መች ጠላች! አንተ ስታነሳት ነው የሚያማት። አንተ እንቅልፍ ወስዶህ እሷ ሌሊቱን ስትቃትት ታድር ነበር። አንተ እንዳታዝን ብላ ነው የዋሸችህ» አለችው።

ሰውየው እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እናቱን ከፀሐይ የለያት የራሱ ጉልበት ሆኖ ተገኘ።

እንባውን ሲጨርስ ጎረቤቷን «አስተምሪኝ» አላት። እሷም ጆንያ ሙሉ ገለባ አመጣች፣ መሃሉ ላይ አራት እንቁላል ከተተች። «ይኼን አንሳ። ጉልበትህን እጠፍ፣ ጀርባህን አቅና፣ ወደ ደረትህ አስጠጋው። ስታወርድ ደግሞ ካነሳህበት ይልቅ ቀስ በል» አለችው። የመጀመሪያው ቀን ሦስቱ ተሰበሩ። ጓደኞቹ ሰምተው፣ «ጀግናው ገለባ ከበደው!» እያሉ ሳቁበት። ደግሞ እውነታቸውን ነው፣ ከብዶታል። መቶ ኪሎ ያላንቀጠቀጠው ክንድ ያንን ገለባ ቀስ ብሎ ሲያወርድ ተንቀጠቀጠ። ቢሆንም አልተወውም። እንቁላሉ መሰበሩን ሲያቆም ጆንያው ውስጥ ጥቂት እህል ጨመረ፤ ሲለምደው ደግሞ ጨመረ። ወራት አለፉ። ክንዱ ሞላ፣ ጀርባው ሰፋ፤ ያ ሁሉ ኩንታል ያልሰጠውን ሰውነት አገኘ።

አንድ ጠዋት እናቱ ዓይኗን ጨፍና ተኝታ ሳለ ገባ። እጁን ከሥሯ አስገባ፣ ወደ ደረቱ አስጠጋት፣ ተነሳ። ደጅ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጣት። እናቱ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «ተባረኪ የኔ እህት፣ እጅሽ አይጎዳም» አለች። ጎረቤቷ መስላት እኮ ነው! ዓይኗን ስትገልጥ ግን ልጇ ፊቷ ተንበርክኳል።

አየህ ደምሰው፣ ያንተም ሰውነት እንደዚያች እናት ነው። ስትጎዳው ፊት ለፊት አይነግርህም፣ ይሸፍንልሃል። ትናንት ሰማንያ ኪሎውን ብረት ወዝውዘህ ስታወጣ ጓደኞችህ አጨበጨቡልህ፤ ስታወርድ ግን ለቀኸው። ያ ኩንታል መጣል ነው፣ ጡንቻ አይሠራም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሦስት ቀን ቀረህ፤ «እንቅልፍ ወስዶኝ ነው ጋሼ» አልከኝ። እኔም አመንኩህ። ቅድም የጫማህን ክር ለማሰር ስትጎነበስ ግን ወገብህን ይዘህ አየሁህ። ክብደቱን የቀነስኩት ላዋርድህ አይደለም፣ አንጀቴን በልተኸኝ ነው። ሲሻልህ ከባዶው ብረት እንጀምራለን፤ እኔ ከኋላህ እቆማለሁ፣ የሚስቅ ካለ በእኔ ይሳቅ። አሁን ግን ፀሐይ ጠላሁ እንዳትለኝ ልጄ። የቱ ጋ ነው የሚያምህ?