የእመት ጃርት ሙዳይ በማን ትላክ?

ተረት ተረት! ተረቴ ከሩቅ መጥታለች፤ ነቅቶ የተቀመጠ ይቀበላት፣ ያንጎላጀም ለጎረቤቱ ያሳልፋት።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት እንደ ሰው በሚነግዱበት፣ ዕቃም እንደ ሰው በሚያጉረመርምበት ዘመን፣ በአንድ ገደል ሥር እመት ጃርት የምትባል ሙዳይ ሰፊ ነበረች። ሌሎች ሰፊዎች ወስፌ ሲዋዋሱ ይውላሉ። እመት ጃርት ግን ወስፌዋን በጀርባዋ ተሸክማ ነው የተወለደችው። እጇን ወደ ኋላ ሰደድ አድርጋ አንድ እሾህ ትመዛለች፤ አክርማውን ትወጋለች፣ ትስባለች፤ ትወጋለች፣ ትስባለች። የሰፋችው ሙዳይ ውኃ አያስገባም፣ ክዳኑም ሲገጥም «እፍ» ይላል።

አንድ ጉድለት ብቻ ነበረባት። ጀርባዋ በእሾህ ተሞልቶ ሳለ አንዲት እሾህ ለሌላ መስጠት ሞቷ ነው። «እያንዳንዷ ወስፌዬ ናት» ትላለች። በእንቅልፏ ስትገላበጥ የምታረግፈውን ግን አትቆጥረውም።

ገበያዋ በእመት ሸረሪት ድር ላይ ነበር። ሸረሪት ድሯን ከገደሉ እስከ ወንዙ፣ ከወንዙ እስከ ማዶው ጫካ ዘርግታለች። የሚሸጥ በዚህኛው ጫፍ ክሩን ነካ ያደርጋል፣ የሚገዛ በዚያኛው ጫፍ ነካ ያደርጋል። ያ «ቢያብር አንበሳ ያስራል» የተባለለት ድር፣ አንበሳውን ትቶ ሙዳይ ማሻሻጥ ይዞ ነበር።

አንድ ቀን ክሩ ተንቀጠቀጠ። ከወንዙ ማዶ እመት ጉሬዛ ናት፣ ያቺ ነጭ ካባ ደራቢዋ።

«እመት ጃርት፣ ልጄን ልድር ነው። ጌጧን የምታኖርባት አንዲት ሙዳይ ስፊልኝ። ዋጋሽን አንድ ቅል ማር ልኬልሻለሁ።»

ማሩ በእመት አህይት ጀርባ መጣ። አህይት ከጃርት ደጅ ደርሳ ቆመች።

«ጣል አድርጊውና ሂጂ!» አለች ጃርት ከጉድጓዷ ውስጥ።

«እኔ መሸከም እንጂ ማውረድ አላውቅም፤ እጅም የለኝ» አለች አህይት። «ባለቤቱ መጥቶ ካላወረደ እዚሁ ነኝ።»

ጃርት እየተነጫነጨች ወጥታ አወረደች። «ምን ዓይነት ግትር ናት!» አለች። ከቅሉ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። ጃርት ይህን ልብ አላለችም፤ ማሩን እየላሰች ነበር።

ሙዳይዋ ተሰፍታ አለቀች። አሁን ማን ያድርስ?

«ሦስት እሾህ ስጪኝና እኔ ላድርስ» አለች አህይት። «ከጭነቴ ዙሪያ ትሰኪልኛለሽ። መንገዱ ላይ አያ ጅቦ አለ፣ ታውቂዋለሽ።»

«ሦስት እሾህ! ለአንዲት ሙዳይ!»

ከዛፉ ላይ አያ ቁራ ሳቀ። «እኔ በነፃ አደርሳለሁ። ብቻ ከዛሬ ጀምሮ ‹ጌታው› በይኝ።»

«ጌታው!» አለች ጃርት፣ ሳትውል ሳታድር።

«ኧረ እማዬ፣ በቁራ?» አለች ሙዳይዋ።

«ዝም በይ! በሰማይ ልትሄጂ ነው። የትኛዋ ሙዳይ ናት በሰማይ የሄደች?»

ተልኮ ስለ ቀረ ሰው «የቁራ መልእክተኛ» እንደሚባል እናንተ ታውቃላችሁ። እሷም ታውቅ ነበር። ነፃ የሆነ ነገር ግን ያወቁትን ያስረሳል።

ጥቂት ቆይቶ ክሩ ተንቀጠቀጠ። «እመት ጃርት፣ ሙዳይዋ አልደረሰችኝም» አለች ጉሬዛ።

ጃርት ቁራን ጠራችው። «ጌታው፣ አላደረስክም እንዴ?»

«አድርሻለሁ። ከዛፍ ላይ አስቀምጫለሁ።»

«ከየትኛው ዛፍ?»

«ቅጠል ካለው።»

ማዶ ያለው ጫካ ሁሉ ቅጠል ነው። ጃርት ግን ለእሷ የሚመቻትን ያዘች። አገር በሚሰማው ክር ላይ ጮኻ «ደርሷታል! ዋሾ ናት! አንድ ቅል ማር ሰጥታ ሁለት ሙዳይ ልትወስድ ነው!» አለች። ወሬው ከሙዳይዋ ቀድሞ ማዶ ደረሰ።

እመት ሸረሪት በክሯ ቀስ ብላ ወረደች። «እመት ጃርት፣ ጉሬዛ ሙዳይ የገዛችው ከማን ነው?»

«ከእኔ።»

«ቁራን የመረጠው ማን ነው?»

«እኔ።»

«እንግዲያው የጠፋችው ካንቺ እጅ ነው። ቁራን አንቺ ተጣዪው፤ ጉሬዛ ምን አገባት? ወይ ማሩን መልሺ፣ ወይ ሌላ ሙዳይ አድርሺ። ሠርጉ ሳይገባ ካልደረሰ ክርሽን እቆርጠዋለሁ።»

ማሩ ተልሶ አልቋል። ክሩ ከተቆረጠ ደግሞ ማን ይገዛታል? በገደሉ ሥር ያሉት ጎረቤቶቿ ሽኮኮዎች ብቻ ናቸው፤ ሽኮኮ ሙዳይ ውስጥ የሚያኖረው ጌጥ የለውም። ጃርት ተቀምጣ ሌላ ሙዳይ ሰፋች። ትወጋለች፣ ትስባለች፤ ትወጋለች፣ ትስባለች።

ሲያልቅ አህይት መጣች። «ሦስት እሾህ።»

«አሁንም ሦስት?»

«ጅቡም አሁንም አንድ ነው፣ አልሞተም።»

ጃርት ፊቷን አዙራ ወደ ወንዙ ወረደች። «አያ ወንዝ፣ በጉሬዛ ደጅ ታልፋለህ?»

«ሁልጊዜ አልፋለሁ» አለ ወንዙ። «ፈጣን ነኝ፣ ዋጋም አልጠይቅም።»

እውነቱን ነው። ማለፉን ጠየቀችው እንጂ መቆሙን አልጠየቀችውም።

«ኧረ እማዬ፣ በውኃ?» አለች ሁለተኛዋ ሙዳይ።

«ውኃ እንዳያስገባሽ አድርጌ ሰፍቼሻለሁ» አለች ጃርት። ክዳኗን ከማሩ በተረፈው ሰም አሽጋ ለቀቀቻት።

ብዙም ሳይቆይ ክሩ ተንቀጠቀጠ። ሸረሪት ናት።

«ሙዳይሽ ማዶ ደርሳለች» አለች።

«እሰይ!»

«ጉሬዛ አይታታለች።»

«እሰይ!»

«እሷም ጉሬዛን አይታታለች። ወንዙን ‹ኧረ ቁም!› አለችው። ‹መቆም አልተማርኩም› አላት። በሩቁ ሰላም ተባብለው ተላለፉ። አሁን ወደ ቆላ እየወረደች ነው።» ሸረሪት ቆላውን አሻግራ አየች፣ ከዚያ ጃርትን። «ሠርጉ ደርሷል። ዳሱ ተጥሏል። ክሩን አሁን ልቁረጠው ወይስ ትሞክሪያለሽ?»

ጃርት ገብታ ሦስተኛዋን ሙዳይ መስፋት ጀመረች፤ ዐይኗ እስኪቀላ ሰፋች። ስትጨርስ ሙዳይዋ ቀና ብላ አየቻት።

«እማዬ፣ ስትሰፊኝ ስንት እሾህ መዘዝሽ?»

«እኔ እንጃ፣ ብዙ።»

«ስንቱስ ተሰበረብሽ?»

«ብዙ።»

«እህቶቼን ለመስፋትስ?»

«ብዙ አልኩሽ እኮ!»

«እኔን ለማድረስስ ስንት ተጠየቅሽ?»

እመት ጃርት ትናንት ሌሊት በእንቅልፏ ያረገፈቻቸው እሾሆች ምንጣፏ ላይ ተበትነው አየቻቸው። ከሦስት ይበልጣሉ።

ወጥታ አህይትን ጠራቻት። የወደቁትን ልትሰጣት አስባ ነበር፤ ጅብ ግን በደነዘ እሾህ አይመለስም። እጇን ወደ ጀርባዋ ሰደደች። አንዱን ስትመዝ «አይ!» አለች። ሁለተኛውን ስትመዝ ጩኸቷን ወንዙ ሰማ። ሦስተኛውን ስትመዝ ሽኮኮዎቹ ምን ሆነች ብለው መጡ።

«ባታካብጂው» አለች ሙዳይዋ።

እሾሆቹ ተሰኩ፣ ሙዳይዋ ተጫነች፣ አህይት ሄደች፤ ያው በአህያ እርምጃ። ጃርት ክሩን በእጇ ይዛ ተቀመጠች። ክሩ ዝም አለ። ማታም ዝም። ጧትም ዝም። «ይኸኔ ጅቡ በልቷታል» አለች። «ይኸኔ ጥላት ተኝታለች» አለች። ሸረሪት ከላይ ሆና መቁረጫ ጥርሷን ታሻሽ ነበር።

ድንገት ክሩ ተንቀጠቀጠ። እልልታ ተሰማበት።

«ኧረ እመት ጃርት!» አለች ጉሬዛ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «ይህቺ አህያሽ ምን ዓይነት ናት! ሙሽራው ከሚገባበት በር ላይ ቆመች። ሚዜዎቹ ገፏት፣ አልሄድም አለች። አማቾቼ ጎተቷት፣ አልሄድም አለች። ‹ስጪን እኛ እንቀበልሽ› ቢሏት ‹ባለቤቷ ትምጣ› ትላለች። እኔ ጓዳ ጠጅ እቀዳ ነበር። ጠርተውኝ መጥቼ በገዛ እጄ አወረድኩ፤ ሠርገኛው ሁሉ አየ። ሙዳይሽ ደርሳኛለች! ደግሞ አያ ጅቦ ለሠርጉ ሲመጣ አፍንጫው አብጧል፤ ምን ነካህ ቢሉት ‹ንብ ነው› ይላል።»

ያን ዕለት ሙዳይ ያማረው ሠርገኛ ሁሉ ክሩን ነካ ነካ ሲያደርግ ዋለ። ሸረሪትም ጥርሷን ሰበሰበች።

ተረቴ እዚህ ላይ ብታልቅ ለጃርት ደስ ባላት። ነገር ግን በጋ ገባ። በማዶው ጫካ አንዱ ዛፍ ቅጠሉን አረገፈ። ከቅርንጫፉ ላይ የመጀመሪያዋ ሙዳይ ቁጭ ብላለች፤ ቁራ ጫጩቶቹን ፈልፍሎባታል።

«አያ ቁራ አልዋሸም፤ ከዛፍ ላይ ነው ያስቀመጣት» ብላ ላከች ጉሬዛ። «ጫጩቶቹ ይብረሩና አወርድልሻለሁ።» ሌላ ነገር አልጨመረችም። ዋሾ ስለ መባሏ አንዲት ቃል አላነሳችም።

ጃርትን ይህ ከእሾህ መመዘዝ ይልቅ አመማት። «እመት ሸረሪት፣ ይቅርታ ብዬ በክሩ ልላክላት?» አለች።

«ትችያለሽ» አለች ሸረሪት። «ስድቡንም የላክሽው በክሩ ነው።»

ጃርት ትንሽ አሰበችና ወደ አህይት ሄደች። «እመት አህይት፣ ይቅርታ ትሸከሚያለሽ?»

«የጫኑኝን ሁሉ እሸከማለሁ። የት አለ፣ ጫኚው?»

ጃርት ጀርባዋን ዳበሰች፣ ደረቷን ዳበሰች። የሚጫን ነገር አላገኘችም። «እኔው ላይ ነው» አለች።

«እንግዲያው ተጭኗል» አለች አህይት።

ጃርት ወንዙን በመልካው ተሻግራ ከጉሬዛ ደጅ ቆመች። የጉሬዛ ልጆች ወጡ። «እናታችን እንግዳ አለባት፣ ነገሩን ለእኛ ንገሪን» አሏት። አልሄድም አለች። «ነገ ተመለሺ» አሏት። አልሄድም አለች። «ባለቤቷ ካልመጣች አላወርድም» አለች። ጉሬዛ ካባዋን ሰብሰብ አድርጋ ወጣች፤ ደጃፏ ላይ የቆመችውን ባየች ጊዜ ሳቀች። ሸክሙን አወረደችላት።

ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር «የላኪ እጅ፣ የተቀባይን እጅ ሳይነካ አይታጠፍም» ይባላል።

እኔም ተረቴን ከዛፍ ላይ አልሰቀልኳትም፣ ለወንዝም አልሰጠኋት፤ በእጃችሁ አስረክቤያለሁ። አልደረሰችኝም የሚል ካለ፣ አጠገቡ የተቀመጠው እማኜ ነው።